መቶ ዓመት በናብሉስ መንገድ፦ የባሊያን ቤተሰብ የሴራሚክ ሥራ



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ የሥራ ቤት ነው። ቤቱ የሚገኘው ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ከደማስቆ በር ወጥቶ ወደ ሰሜን በሚሄደው የናብሉስ መንገድ ላይ ነው። በ1922 ተከፈተ፤ በ2022 መቶ ዓመት ሞላው። የምጠራቸው ዘመኖች የፈረንጆቹ ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስናገር ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ። ከዚህ ቤት የሚወጣው በእጅ የተሣለ ሴራሚክ ነው፦ የግድግዳ ልባጭ፣ ሳህን፣ ማሰሮ፣ የቤት ቁጥር፣ በር ላይ የሚለጠፍ የቤተሰብ ስም። ባለቤቶቹ ባሊያን የሚባሉ አርመኖች ናቸው።

መቶ ዓመት ለአንድ ሥራ ቤት ብዙ ነው። በከተሞቻችን አባት ላቡን አፍስሶ ያቆመው ሱቅ ገና አርባው ሳይወጣ ሲሸጥ፣ ወንድማማች በውርስ ተካሰው የሥራው በር ሲታሸግ ሁላችንም አይተናል። የባሊያን ቤት ግን የብሪታንያን አስተዳደር፣ የዮርዳኖስን መንግሥትና የእስራኤልን መንግሥት አንድ መንገድ ላይ እንዳለ አሳልፏል። መንግሥታቱ መጡ፣ ሄዱ፤ ምድጃው አልጠፋም። ይህ በዕድል ብቻ የሆነ ነገር አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ «ሙያው በደማቸው ነው» እንላለን፤ እኔ ግን ይህን ቤት እዚህ ያደረሰው ደም ነው ብዬ አላምንም። ታሪኩን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ የሚጀምረው ከኢየሩሳሌም ርቃ፣ ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር ምዕራባዊ ክፍል ባለችው በኩታህያ ከተማ ነው። የኦቶማን ሱልጣኖች መስጊድና ቤተ መንግሥት የለበጡባቸውን ሰማያዊ ሴራሚኮች ስናነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ኢዝኒክ ነው። የኢዝኒክ ምድጃዎች እየተዳከሙ ሲሄዱ ግን ሙያውን ተሸክማ ያቆየችው ኩታህያ ናት። እዚያ ደግሞ አርመኖች ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። በብሪታንያ ሙዚየም በአርመንኛ የተጻፈባት፣ የኩታህያውን አብርሃም የምታስታውስ፣ 1510 ዓመት ያለባት አንዲት ትንሽ ማንቆርቆሪያ አለች። ኢየሩሳሌም ውስጥ ደግሞ በአርመኖች ሰፈር፣ በቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል ካሉት ጸሎት ቤቶች በአንዱ፣ በ1719 ገደማ ኩታህያ ላይ የተሣሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች በግድግዳው ላይ ይታያሉ። ሴራሚኮቹ መጀመሪያ የታሰቡት ለጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን እድሳት ነበር። ስለዚህ የናብሉስ መንገዱ ቤት ሲከፈት የኩታህያ እጅ ለኢየሩሳሌም እንግዳ አልነበረም፤ የሁለት መቶ ዓመት ትውውቅ ነበረው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኩታህያ ከታወቁት ባለሙያዎች አንዱ ዴቪድ ኦሃኔሲያን ነው። ማርክ ሳይክስ የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን በስሌድመር ቤቱ የቱርክ ክፍል ሲያሠራ ሴራሚኩን ያዘዘው ከእርሱ ነበር። ይህ ሳይክስ ኋላ ከፈረንሳዩ ፒኮ ጋር የመካከለኛውን ምሥራቅ ካርታ የተከፋፈለው ሰው ነው። በ1915 በአርመኖች ላይ እልቂት ሲታወጅ የኩታህያው አገረ ገዥ ፋይቅ ዓሊ የከተማውን አርመኖች አላስነዳም ብሎ ቆመ። ስሙ በአርመኖች ዘንድ እስካሁን በክብር ይነሳል፤ እዚህም ይነሳ። ኦሃኔሲያን ግን ከነቤተሰቡ ከመነዳት አልተረፈም። ወደ ሶርያ ተገፍቶ ሐለብ ደረሰ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ሳይክስ እዚያ አገኘውና የኢየሩሳሌም መንገድ ተከፈተለት።

በዚያን ጊዜ የኢየሩሳሌም ወታደራዊ አስተዳዳሪ ሮናልድ ስቶርስ ነበር። ስቶርስ ለከተማዋ ቅርስና ዕደ ጥበብ የሚቆም አንድ ማኅበር መሥርቶ፣ ቻርልስ አሽቢ የሚባል እንግሊዛዊ አርክቴክት አስመጣ። ከፊታቸው የተደቀነው ትልቁ ሥራ የዓለቱ ጕልላት ነው። ባለ ስምንት ማዕዘኑን የእስልምና ቅዱስ ሕንፃ ከውጭ በሴራሚክ ያለበሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሱልጣን ሱሌይማን ነበር፤ ሴራሚኩ ግን ተሰነጣጥቆ ይረግፍ ጀምሯል። የሚጠግነው ማን ነው? ኦሃኔሲያን በ1919 የትውልድ አካባቢውን ዳግም ረግጦ፣ ከእልቂቱ ከተረፉት ባለሙያዎች መካከል መርጦ ወደ ኢየሩሳሌም አመጣ። ከመጡት ውስጥ ሁለቱን ስም ያዙልኝ። አንዱ ነሻን ባሊያን ነው፤ ሸክላውን በመንኮራኩር የሚያነሳ፣ ቅርጽ የሚሰጥ። ሌላው መገርዲች ካራካሺያን ነው፤ በብሩሽ የሚሥል።

የጕልላቱ ዕቅድ በታሰበው መልክ አልተፈጸመም። ሕንፃው የውጭ ሴራሚኩ ሙሉ በሙሉ የተለወጠለት ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አዲሱም ሴራሚክ የመጣው ከዚያችው ከቱርክ ነበር። እንግዲህ ሁኔታውን አስቡት። አገራቸው የለም። የመጡበት ሥራ ቀርቷል። ሁለቱ ጓዶች ወደ ኋላ መመለስ አይችሉም፤ የሚመለሱበት ሰፈር ባዶ ሆኗል። በ1922 ከኦሃኔሲያን ቤት ተለይተው፣ ባሊያን ቅርጹን፣ ካራካሺያን ሥዕሉን ይዘው፣ ናብሉስ መንገድ ላይ የራሳቸውን ሥራ ቤት ከፈቱ። ስሙንም «የፍልስጥኤም ሸክላ» አሉት። የስደተኛ ሥራ ቤት የጠፋችውን አገሩን ስም ሳይሆን የተቀበለችውን አገር ስም በግንባሩ ላይ ጻፈ። ይህ ምርጫ ለእኔ የመጀመሪያው ትልቅ ውሳኔያቸው ነው።

የሚሠሩት ሥራ በቅርብ ሲታይ ምን ይመስላል? እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ከታሪኩ ይልቅ እዚህ ብዙ የምንማረው አለ።

አንድ ባዶ ሴራሚክ አስቡ። አንድ ጊዜ ተተኩሶ የወጣ፣ ገና ልባስ የሌለው፣ ጣት ሲነካው ደረቅና ሻካራ። ሠዓሊዋ ንድፉን በስስ ወረቀት ይዛለች፤ ወረቀቱ የንድፉን መስመር እየተከተለ በመርፌ ተበሳስቷል። ሴራሚኩ ላይ ታነጥፈውና የከሰል ዱቄት የቋጠረ ጨርቅ በላዩ ታሻሻለች። ወረቀቱ ሲነሳ የሚቀረው የጥቃቅን ነጥቦች ሰልፍ ነው። ነጥቦቹን በቀጭን ብሩሽ እያያያዘች በጥቁር መስመር ታወጣቸዋለች፤ ከሰሉ ራሱ ኋላ እሳት ውስጥ ተቃጥሎ ይጠፋል። ከዚያ መስመሮቹ መሃል ቀለም ትሞላለች። ጥልቁ ሰማያዊ ከኮባልት ይመጣል። ውሃ መሰሉ ሰማያዊና አረንጓዴው ከመዳብ። ቀዩ ብረት ከበዛበት አፈር።

ሸክላው ቀለሙን ወዲያው ስለሚመጠው መሰረዝ የለም። እጅ ከተንቀጠቀጠ ተንቀጥቅጦ ቀረ። ቀለሙም ብሩሹ ላይ ሳለ የኋላ መልኩን አይመስልም፤ ደብዛዛ ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ደግሞ ሴራሚኩ በውሃ ከተበጠበጠ የመስታወት ዱቄት ውስጥ ይነከራል፤ ነጭ ሽፋን ይለብስና አበባው፣ ወፉ፣ ሐረጉ ሁሉ ከዓይን ይሰወራል። እንዲያ ሆኖ ወደ ምድጃ ይገባል። ሙቀቱ ወደ አንድ ሺህ ዲግሪ ሲጠጋ ዱቄቱ ቀልጦ መስታወት ይሆናል፤ ሲቀዘቅዝ ሥዕሉ ከሥሩ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሠዓሊዋ የሠራችውን በትክክል የምታየው ያን ጊዜ ነው። ልባሱና ሸክላው በእሳት ሲለጠጡ፣ ሲቀዘቅዙም ሲሰበሰቡ ልክ ለልክ ካልሆኑ ልባሱ ይሰነጠቃል ወይም ይላጣል። ለዚህ ነው ባለሙያ አገር ሲለውጥ ሙያው እንዳለ አብሮት የማይሄደው፤ አፈሩ ሌላ፣ አሸዋው ሌላ፣ ማገዶው ሌላ ነው። ከኩታህያ የመጣ እውቀት ኢየሩሳሌም አፈር ላይ እንደገና መፈተን ነበረበት። የስደት ሙያ ከእጅ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ነው።

የሚሥሉት ንድፍስ? የኩታህያን ሮማን፣ ጽጌረዳ፣ ዝግባ ይዘው መጥተዋል። ነገር ግን ከሥራ ቤታቸው ብዙም ሳይርቅ፣ ከደማስቆ በር ውጭ፣ በ1894 ከመሬት የወጣ የ6ኛው ክፍለ ዘመን የወለል ሞዛይክ አለ። ከአንድ ገንቦ የሚነሳ የወይን ሐረግ ወለሉን ሁሉ ይሸፍናል፤ በሐረጉ ክብ ክብ ውስጥ ጣዎስ አለ፣ ሽመላ አለ፣ በቀፎ ውስጥ የታሰረ ወፍ አለ። ከላይ በአርመንኛ የተጻፈው፣ ስማቸውን እግዚአብሔር ብቻ ለሚያውቃቸው አርመኖች ሁሉ መታሰቢያ እንደሆነ ይናገራል። ከእልቂት የተረፉ ሠዓሊዎች ያን ጽሕፈት ሲያነቡ ምን እንደተሰማቸው እኔ አልነግራችሁም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። የወፎቹ ሞዛይክ የኢየሩሳሌም አርመን ሴራሚክ ዋና ንድፍ ሆነ። በኩታህያ አልነበረም። አዲሲቱ ከተማ የሰጠቻቸው ነው።

ከእናንተ መካከል ኢየሩሳሌም ተሳልማችሁ የተመለሳችሁ አላችሁ። ወደ ዴር ሱልጣን ስትወጡ፣ በመስቀሉ መንገድ ስትወርዱ፣ በአሮጌው ከተማ ግድግዳ ላይ የመንገድ ስም የተጻፈባቸውን ሴራሚኮች አይታችኋል፤ ምናልባት ልብ ሳትሉ አልፋችኋቸዋል። ልማዱን የጀመረው የብሪታንያ አስተዳደር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የወጡት ከኦሃኔሲያን ቤት ሲሆን ስሙ በሦስት ቋንቋ ይጻፍ ነበር፦ በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛ፣ በዕብራይስጥ። ከ1948 ጦርነት በኋላ አሮጌው ከተማ በዮርዳኖስ እጅ ሲሆን አዲስ የተሰቀሉት በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ሆኑ። ከ1967 ወዲህ ደግሞ ዕብራይስጡ እንደገና መጣ። ይህን ጊዜ አሮጌውን ሰሌዳ አልነቀሉትም፤ ዕብራይስጡን በሌላ ሴራሚክ ጽፈው ከላዩ ቀጠሉበት። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ስፌቱ ይታያል፤ የታችኛው ጠርዝ በራሱ ተዘግቶ ያለቀ ነው፣ የላይኛው ሌላ ጠርዝ ይዟል፣ ሰማያዊውም አንድ ዓይነት አይደለም። የሁለት መንግሥት ታሪክ በአንድ ክንድ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የታሪክ መምህር ብሆን ተማሪዎቼን ከመጽሐፉ በፊት ወደዚያ ግድግዳ እወስዳቸው ነበር።

ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። ባሊያንና ካራካሺያን ከአርባ ዓመት በላይ አብረው ሠሩ። መሥራቾቹ ካለፉ በኋላ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ልጆቻቸው ተለያዩ። የካራካሺያን ልጆች ወደ አሮጌው ከተማ ገብተው የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ናብሉስ መንገድ ላይ የቀሩት ባሊያኖች መንኮራኩር አላቸው፣ ምድጃ አላቸው፣ ስም አላቸው። የሌላቸው አንድ ነገር ነው፦ ሠዓሊ። የሥራው ግማሽ፣ ያውም ገዢ የሚያየው ግማሽ፣ ከቤቱ ወጥቷል። ብዙ የቤተሰብ ሥራ የሚሞተው እዚህ ቦታ ላይ ነው። የቀረው ወገን የአባቱን አሮጌ ንድፍ እየገለበጠ ጥቂት ዓመት ይገፋል፤ ከዚያ ገዢው ይሰለቸዋል፣ ልጁም ይሰለቸዋል።

እዚህ ላይ የምትመጣው የቤቱ ምራት ናት። ማሪ የተወለደችው ፈረንሳይ ነው፤ ወላጆቿ ከኩታህያ የተረፉ አርመኖች ነበሩ። ሊዮን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምራለች። በ1950ዎቹ የነሻን ባሊያንን ልጅ ሴትራግን አግብታ ኢየሩሳሌም ገባች። ባሏ የሸክላውንና የልባሱን ቅመማ ያውቃል፤ እርሷ ሥዕል ታውቃለች። ነገር ግን የእርሷ ሥዕል የካራካሺያን ሥዕል አልነበረም። አሮጌው ንድፍ እያንዳንዱን ሴራሚክ እንደ አንድ ሙሉ ነገር ያየዋል፦ ማዕከል አለው፣ ጠርዝ አለው፣ አበባው በልኩ ተከርክሟል። ማሪ ግን አንድ ሙሉ ግድግዳ እንደ አንድ ሸራ አየችው። ዛፉ ከአንዱ ሴራሚክ ተነሥቶ ሦስተኛው ላይ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ሚዳቋዋ አምስት ሴራሚክ አቋርጣ ትሮጣለች፤ ውሃው፣ ዘንባባው፣ ወፎቹ ከጠርዝ ሳይከለከሉ ይፈሳሉ። የሷ ግድግዳዎች ገነትን ለማየት የተከፈቱ መስኮቶች ይመስላሉ። በ2000 በቴል አቪቭ የሚገኘው የኤሬጽ እስራኤል ሙዚየም በሥራዋ ዙሪያ ትልቅ ትርኢት አዘጋጀ። በ2017 አረፈች።

አሁን አማቾቿን አስቡ። ከኩታህያ የመጣ፣ በደም የተዋጀ ወግ ያለው ቤት ነው። ውጭ አገር ተምራ የመጣች ምራት የአባቶችን ንድፍ ትታ በራሷ መንገድ ልሥል ስትል «ይህ የእኛ አይደለም» ማለት ቀላል ነበር። በእኛም አገር ስንት ጊዜ ተብሏል! አላሏትም፤ ወይም ብለዋት ከሆነም አልጸኑበትም፤ ምድጃውን ሰጧት። በእኔ ግምት የባሊያን ቤት መቶ ዓመት ያደረሰው ይህ ነው። መጀመሪያ ከአዲሲቱ ከተማ ወፎቿን ተቀበሉ፤ ኋላ ከሌላ ቤት ልጅ ሥዕሏን ተቀበሉ። ሙያው ያልተቋረጠው ለመጣው ሰው ቦታ ስለለቀቁ ነው። ከዚያ በኋላም ለልጅ ልጅ ተላለፈ፤ የካራካሺያን ቤትም እንዲሁ ሦስተኛ ትውልድ አየ። ሁሉን ያስጀመረው የኦሃኔሲያን ሥራ ቤት ግን በ1948 ጦርነት ተዘጋ፤ ታላቁ ባለሙያ ለሁለተኛ ጊዜ ስደተኛ ሆኖ በ1953 ቤይሩት ላይ ዐረፈ። ሥራው በሮክፌለር ሙዚየም ግቢ፣ በስኮትላንዶች የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን እስካሁን ይታያል። ከሦስቱ ስሞች ትልቁ እርሱ ነበር፤ ቤቱን ግን ጦርነት ወሰደበት። ዕድልም ድርሻ አለውና ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ እንዳይመስላችሁ። የናብሉስ መንገዱ ቤት ሁለተኛ ዓመቱን በያዘ ጊዜ፣ በ1916 ዓ.ም.፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ገቡ። በአርመኖች ገዳም ከዚያው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ እየነፉ ተቀበሏቸው። ራስ ተፈሪ ከፓትርያርኩ ጋር ተስማምተው አርባዎቹን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ለጻፈለት ለቀድሞው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማውን ደረሰ። አንድ መከራ፣ አንድ ከተማ፣ አንድ ዘመን ነው። ከተረፉት አንዳንዶቹ ኢየሩሳሌምን በሴራሚክ አለበሷት፤ አንዳንዶቹ እዚህ መጥተው ለመንግሥታችን ማርሽ ሰጡት። እኛም በተራችን ሙያ ይዞ የመጣን ስደተኛ በአደባባይ ያከበርንበት ዘመን አለ።

ለገዛ ሸክላ ሠሪዎቻችን ግን ያን ክብር አልሰጠንም። ይህን ስናገር ልቤ ያዝናል። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ለትውልድ ትውልድ ሸክላ ሲሠሩ ኖረዋል፤ አገሩ ከእጃቸው ጀበና ገዝቶ ቡና ጠጣ፣ ምጣድ ገዝቶ እንጀራ ጋገረ፣ ዞር ብሎ ደግሞ «ቡዳ» አላቸው። በየክፍለ ሀገሩ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው በዚሁ ስም ተገፍቷል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ ሙያን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። በዚህ አገር የሸክላ ሠሪ ልጅ ተምሮ ከእናቱ ሙያ ሲሸሽ ልጁን መውቀስ አይገባም። ከስድብ ነው የሸሸው። ባሊያኖች ብዙ አጥተዋል፤ ሙያቸው ግን አሳፍሯቸው አያውቅም። የቤተሰባቸውን ስም ሳህኑ ጀርባ ላይ ይጽፋሉ። ከወለቃ ወይም ከሌላ ሸክላ ሠሪ መንደር ገዝታችሁ ቤታችሁ ካስቀመጣችሁት ጀበና ሥር የሠሪዋን ስም ፈልጉ፤ አታገኙትም።

ስለዚህ ለተማሪዎች አንድ የምለምነው ነገር አለኝ፤ ቁርጥ ያለ ሥራ ነው። በየከተማችን አዳዲስ መንገድ ይከፈታል፣ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይለጠፋል። የምንለጥፈው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ያነጣዋል። በኮባልት ተሥሎ በመስታወት የተሸፈነ ሴራሚክ ግን ኢየሩሳሌም ውስጥ ከብሪታንያ ዘመን ጀምሮ ቀለሙን እንደያዘ አለ። ለምን የእኛን መንገዶች ስም በፊደላችን፣ በእኛ ሸክላ ሠሪ እጅ አናጽፈውም? እጁ አለ። ወለቃ ዛሬም ሴቶች ሸክላ ይሠራሉ፤ ሌሎችም መንደሮች እንዲሁ። የጎደለው ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ ምድጃና ልባስ ነው። የገጠሩ ሸክላ በግልጥ እሳት ይተኮሳል፤ በማገዶና በኩበት ክምር የሚገኘው ሙቀት ሰባት መቶ፣ ስምንት መቶ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለመስታወት ልባስ አይበቃም፣ ቢበቃም እኩል አይዳረስም። የተዘጋ ምድጃ ያስፈልጋል። ከአፈሩ ጋር የሚስማማ ልባስ የሚቀምም ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ከመካከላችሁ ኬሚስትሪ የተማረው ሊሆን ይችላል። ፊደሉን ለአራት ማዕዘን ሴራሚክ የሚነድፍ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የእናንተ የዲዛይን ተማሪዎች ሥራ ነው። አደራ የምለው፣ ወደ መንደሩ ስትሄዱ ንድፉን ጨርሳችሁ «ይህን ገልብጪ» ብላችሁ አትስጡ። ማሪ ባሊያን እንደተሰጣት ብሩሹንም ምድጃውንም ስጡና የምትሥለውን እዩ። ስሟንም ከጀርባው ታስፍር።

አፈሩን ለመሞከር የሚፈልግ ካለ ከዚህ ስንወጣ ያግኘኝ፤ ከየት እንደሚጀመር፣ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።